ፀሐይ የሚሞቅ ድንጋይ

ከዳንግላ ከተማ ወጣ ብሎ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የዘለቀ ሰው ረፋድ ላይ በየቤቱ ደጃፍ ተደርድረው ፀሐይ የሚሞቁ የባትሪ ድንጋዮች ያያል። ማታ የጠፋ ከብት ሲፈለግባቸው ያመሹ፣ ወይም ሬዲዮ ሲያናግሩ የከረሙ ናቸው። ባለቤታቸው በጥርሱ ነከስ ነከስ አድርጎ፣ ፀሐይ አስመትቶ፣ ሲመሽ ወደ ባትሪው ይመልሳቸዋል። አለቀላቸው የተባሉት ድንጋዮችም ትንሽ ቦግ ይላሉ። ከተሜ ይህን አይቶ ይስቃል። እኔ ኬሚስትሪ ሳስተምር የሸበትኩ ሰው ነኝና አልስቅም። ገበሬው ያየው እውነት ነው፤ የማልስማማው "ፀሐይ ሞላችው" ሲል ብቻ ነው።

ፀሐይ ድንጋይ አትሞላም። ሙቀቱ በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ሥራ ያፈጥነዋል፤ ተሰላችቶ የቆመው እርጥብ ነገር እንደገና መንቀሳቀስ ይጀምራል። ንክሻው ደግሞ በውስጡ የተራራቀውን ጥቁር ዱቄት ያጠጋጋዋል። ድንጋዩ ከባትሪው ወጥቶ ማረፉ ራሱ ይጠቅመዋል። በዚህ ሁሉ ግን የተጨመረለት ነገር የለም፤ ድሮውንም በውስጡ የቀረችውን ጥቂት ነገር አሟጦ ማውጣት ነው። ለመሆኑ ያቺ የቀረችው ነገር ምንድን ናት?

ብዙ ሰው ባትሪ ሲባል ኤሌክትሪክ ተጠራቅሞ የተቀመጠበት ዕቃ ይመስለዋል። ሥራዬ ብሎ ላየው ግን በድንጋዩ ውስጥ ብረት አለ፣ ዱቄት አለ፣ እርጥብ ነገር አለ፤ ኤሌክትሪክ የለም። ኤሌክትሪክ የሚፈጠረው ማብሪያውን ስንጫን ነው። አንድ ያለቀ ትልቅ ድንጋይ፣ ያ የነብር ራስ የተሳለበት ዓይነት፣ ጓንት አጥልቆ በመጋዝ ለሁለት የሰነጠቀው ሰው የሚያገኘውን ልንገራችሁ። ከውጭ ያለውን ልባስ ሲገፍፉት ግራጫ የብረት ጽዋ ይወጣል። ይህ ዚንክ ነው፤ የድንጋዩ ኔጌቲቭ ጫፍም እሱ ራሱ ነው። ከጽዋው ቀጥሎ ነጭ ለቁጥ ያለ ነገር የጠጣ ወረቀት አለ፤ ይህ የአሞኒየም ክሎራይድ ወይም የዚንክ ክሎራይድ ጨው ነው። ወደ ውስጥ ሲዘልቁ እጅ የሚያጠቁር ዱቄት ይገኛል፦ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ከካርቦን ጋር ተደባልቆ። እኛ ተማሪ ሳለን ጥቁር ሰሌዳ የምናጠቁረው በዚህ ዱቄት ነበር፤ ቅጠል ጨቅጭቀንበት በእጃችን ስንለቀልቅ ማንም "ተው" ያለን የለም። መሐል ለመሐል የቆመችው ጥቁር ዘንግ ደግሞ ካርቦን ናት፤ ፖዘቲቭ የምንለው ቢጫ ቆብ እሷ ላይ ተደፍቷል።

አሁን ዚንኩን አስተውሉ። ያልተነካ ድንጋይ ውስጥ ያለ ዚንክ ልሙጥና እኩል ውፍረት ያለው ነው። ያለቀው ድንጋይ ዚንክ ግን ተቦርቡሯል፤ አንዳንድ ቦታ እንደ ወረቀት ሳስቷል፣ አንዳንድ ቦታም ተበስቷል። በባትሪው ውስጥ የሚዝረበረበውና ሽቦውን የሚበላው ፈሳሽ የሚወጣው በዚያ ቀዳዳ ነው። ያ ሁሉ ሌሊት ያበራው ይህ የጎደለው ብረት ነው።

የጎደለው የዚንክ አተም ሁሉ ሁለት ሁለት ኤሌክትሮን ሰጥቶ፣ ራሱ አዮን ሆኖ ወደ እርጥቡ ነገር ገብቷል። ኤሌክትሮን መስጠት ኦክሲዴሽን ይባላል። ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው ደግሞ ማንጋኒዙ ነው፤ መቀበል ሪዳክሽን ይባላል። ሁለቱ ተነጣጥለው አያውቁም፤ ተቀባይ የሌለው ሰጪ፣ ሰጪ የሌለው ተቀባይ የለም። ስለዚህም ሊቃውንቱ ሁለቱን ስም አሳጥረው በአንድነት ሪዶክስ ይሏቸዋል። ማገዶ ሲነድ፣ ብረት ሲዝግ፣ የበላነው እንጀራ በሰውነታችን ውስጥ ጉልበት ሲሆን የሚካሄደው ይኸው መስጠትና መቀበል ነው።

ልዩነቱ በመንገዱ ላይ ነው። የዚንክ ብናኝና ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ከዚያው ጨው ጋር አንድ ላይ ቢደባለቁ ኤሌክትሮኑ እዚያው ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ከሙቀት በቀር የምናገኘው ነገር የለም። ባትሪ የሚሆነው ሰጪና ተቀባይ ሲለያዩ ነው።

ዘንገናን ያየ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ዘንገና ከእንጅባራ ብዙም ሳይርቅ ከአውራ ጎዳናው አጠገብ ያለ፣ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ክብ ሐይቅ ነው። ከወዲህ ዳር ያለ ሰው ወዲያ ማዶ ያለውን ዘመዱን ሊጠይቅ ቢፈልግ፣ ዋና የማይችል ከሆነ የሐይቁን ዳርቻ ይዞ መዞር አለበት። በድንጋዩ ውስጥ ዚንክ ወዲህ ዳር ነው፣ ማንጋኒዝ ወዲያ ማዶ፣ ጨው የጠጣው ወረቀት ደግሞ ሐይቁ። ኤሌክትሮን ዋና አያውቅም። ስለዚህ ከጽዋው ወጥቶ፣ በሽቦው ዞሮ፣ አምፖሉን አልፎ፣ በካርቦኗ ዘንግ ወርዶ ማንጋኒዝ ዘንድ ይደርሳል። እግረ መንገዱን የሚሠራው ሥራ ነው መብራቱ። ሐይቁ ግን ሥራ ፈት አይደለም፤ አዮኖች ዋናተኞች ናቸው። ኤሌክትሮኖች በዳርቻው ሲዞሩ አዮኖች በውስጥ ይሻገራሉ፤ አለዚያ በአንድ በኩል ፖዘቲቭ፣ በሌላው በኩል ኔጌቲቭ ይከማችና ጉዞው በቅጽበት ይቆማል። ሱቅ ውስጥ ዓመታት የቆየ ድንጋይ ሳይሠራበት የሚሞተው አንድም ሐይቁ ስለሚደርቅ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምጠይቃቸው ጥያቄ አለ፦ ትልቁ ድንጋይና የሪሞቱ ትንሽ ድንጋይ፣ ቮልታቸው የማን ይበልጣል? ከክፍሉ አብዛኛው "የትልቁ" ይላል። እኩል ናቸው፤ ሁለቱም 1.5 ቮልት ናቸው። ቮልት የሚለካው ሰጪው ለመስጠት ምን ያህል እንደቸኮለ፣ ተቀባዩም ለመቀበል ምን ያህል እንደጓጓ ነው፤ ያ ደግሞ የሚወሰነው በብረቶቹ ጠባይ እንጂ በመጠናቸው አይደለም። ትልቁ የሚበልጠው ብዙ ዚንክ ስላለው ረጅም ጊዜ በመሥራቱ ነው። ከ1.5 በላይ ቮልት የፈለገ ድንጋዮቹን ጭራና ራስ አድርጎ ይደረድራል፤ ሁለት ድንጋይ 3 ቮልት፣ አራት ድንጋይ 6 ቮልት። የሬዲዮው ጀርባ ላይ አራት ቦታ የተበጀው በዚህ ምክንያት ነው።

የተበላውን ዚንክ በሚዛን ማስላት ይቻላል። ባለ ሁለት ድንጋይ ባትሪ በሩብ አምፔር የሚሠራ አምፖል ቢኖረው፣ 4 ሰዓት ሲበራ ከእያንዳንዱ ድንጋይ 1.2 ግራም ያህል ዚንክ ይሟሟል። በእያንዳንዱ ሴኮንድ በአምፖሉ ክር የሚያልፈው ኤሌክትሮን በቁጥር ከ1.5 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ነው። የዚህ ሒሳብ ባለቤት የአንጥረኛ ልጅ የነበረው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ባደረገው ምርምር የሚሟሟው ብረት መጠንና የሚያልፈው ኤሌክትሪክ መጠን ሁልጊዜ አብረው እንደሚሄዱ አሳየ። የኤሌክትሮን መኖር የተረጋገጠው እሱ ከሞተ ከ30 ዓመት በኋላ መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል። ሰውየው ሰጪውንም ተቀባዩንም ሳያይ የልውውጡን ሒሳብ ጻፈ።

የመጀመሪያውን ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1800 ለዓለም ያስተዋወቀው ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ ነው፤ የዚንክና የብር ዝርግ ብረቶችን በጨው ውሃ የራሰ ጨርቅ በመሐላቸው እያስገባ ደራረባቸው። የዛሬው ድንጋይ አያት ደግሞ ፈረንሳዊው ዦርዥ ሌክላንሼ በ1866 የሠራው ነው፤ ዚንኩም ማንጋኒዙም ያኔውኑ ነበሩበት፣ ግን በማሰሮ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ነበር። ጀርመናዊው ካርል ጋስነር ሃያ ዓመት ቆይቶ ፈሳሹን አወፈረውና እንደፈለጉ የሚገለባብጡት "ደረቅ" ድንጋይ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ነው ሰው ባትሪ በኪሱ ይዞ ሌሊት የሚሄደው።

ከድንጋዩ ልውጣና ጣሪያ ላይ ልውጣ። እንጅባራ፣ የጥንቱ ኮሶበር፣ ከፍታው ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ክረምቱ የከበደ ደጋ ነው። እዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስበው ቆርቆሮ ነው። አዲስ ቆርቆሮ የሚያብለጨልጨው በብረቱ ላይ በተለበጠው ስስ ዚንክ ነው። ያው ድንጋዩ ውስጥ ያገኘነው ዚንክ። እዚህ የመጣው ለሌላ ሥራ ቢመስልም ሥራው አልተለወጠም፤ እየሟሟ ኤሌክትሮን ይሰጣል።

ባዶ ብረት ላይ ያረፈች አንዲት የዝናብ ጠብታ ሙሉ ባትሪ ናት። በጠብታዋ መሐል፣ አየር በማይደርስበት ቦታ፣ ብረቱ ኤሌክትሮን ሰጥቶ ይሟሟል። ኤሌክትሮኑ በራሱ በቆርቆሮው ውስጥ ተጉዞ ወደ ጠብታዋ ጠርዝ ይወጣል፤ እዚያ ከአየር የገባ ኦክሲጅን ይቀበለዋል። አዮኖቹ በውሃው ውስጥ ይሻገራሉ። ሽቦውም፣ ሐይቁም፣ ሰጪውም፣ ተቀባዩም ተሟልቷል፤ አምፖሉ ብቻ ነው የሌለው። የሟሟው ብረት ከኦክሲጅንና ከውሃ ጋር ተጣምሮ ቀይ ዝገት ይሆናል። የአገራችን ቀይ አፈር ቀለሙን ያገኘውም ከዚሁ ከብረትና ከኦክሲጅን ጥምረት ነው፤ ከጭላሎ እስከ አዊ ደጋ ያለ ቀይ መሬት ሁሉ የብረት ዝገት ያቀላው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዚንክ ለመስጠት ከብረት ይልቅ ይቸኩላል። ቆርቆሮው ሲቆረጥ ወይም ሚስማር ሲፍቀው ባዶ ብረት ይወጣል፤ ሆኖም አካባቢው ያለው ዚንክ ቀድሞ ኤሌክትሮኑን ስለሚሰጥ ብረቱ የሚሰጠው አያገኝም፣ ስለዚህ አይዝግም። ቀለም እንዲህ ማድረግ አይችልም። ቀለም የሚከላከለው ሳይላጥ ሲቀር ነው፤ በተላጠበት በኩል ዝገት ገብቶ ከሥሩ ይሄዳል። ዚንኩ ግን እያለቀ እንኳ ይጠብቃል። ካለቀ በኋላ ነው ቀይ ጅረት በጣሪያው ላይ መታየት የሚጀምረው።

ይህን ካወቅን ሁለት ነገር ማድረግ አይከብድም። አንደኛ፣ የተገዛ ቆርቆሮ በክረምት ደራርቦ ውጭ ማስቀመጥ ጥፋት ነው። በሁለት ቆርቆሮ መሐል የታመቀ ውሃ አየር ስለማያገኝ ዚንኩን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነጭ ዱቄት ያደርገዋል፤ ጣሪያ ላይ ሳይወጣ ዕድሜውን ጨርሶ የሚገኘው እንዲህ የከረመ ቆርቆሮ ነው። አዘንብሎ ማስቀመጥና መሐሉን በእንጨት ማናፈስ በቂ ነው። ሁለተኛ፣ የመዳብ ሽቦ ቆርቆሮ ላይ አይረፍ። መዳብ ኤሌክትሮን ለመቀበያ የተመቸ ቦታ ስለሚሆን፣ ዝናብ ባገኘው ቁጥር አጠገቡ ያለውን ዚንክ፣ ከዚያም ብረቱን ያስበላል። የዲሽ ሽቦ ተልጦ ባረፈበት በኩል ጣሪያው ቀድሞ የሚያፈሰው በዚህ ነው። መብረቅ የመታው የሚመስላቸው ሰዎች አጋጥመውኛል።

ዳንግላና እንጅባራ ስላሉበት ስለ አዊ ጽፎ ስለ ከሰል ዝም ማለት አይቻልም። ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ አዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚለውን ግራር ተክሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከሥሩ ጤፍ ዘርቶ፣ ዛፉ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቆርጦ ከሰል ያወጣበታል። አፈር ለብሶ የሚጨስ የከሰል ክምር በኬሚስትሪ ዓይን ሲታይ ኦክሲጅን የተነፈገ እሳት ነው። እንጨቱ በውስጡ ያለውን ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን በጭስና በእንፋሎት ይለቃል፤ ካርቦኑ ሊነድ ቢፈልግም ተቀባዩ ኦክሲጅን በአፈሩ ተከልክሏልና ይቀራል። የከሰል አክሳዩ ጥበብ ያለው አፈሩን የት ላይ እንደሚሸነቁርና መቼ እንደሚደፍን በማወቁ ላይ ነው። ትንሽ ቢያዘገይ የሚጠብቀው አመድ ነው።

ያ ካርቦን ደግሞ በዱሮ ዘመን ሌላ ሥራ ነበረው። ብረት የሚያቀልጡት ባለ እጆቻችን የብረት አፈርና ከሰል ደራርበው በወናፍ ሲያናፍሱ፣ ከሰሉ ብረቱ ላይ የተጣበቀውን ኦክሲጅን ይነጥቅና ንጹሕ ብረቱ ይቀራል። ዝገት ወደ ኋላ ሲመለስ ማለት ነው። "ቡዳ" እያልን ስናርቃቸው የኖርናቸው ሰዎች ሪዳክሽንን በእጃቸው የያዙ የአገራችን ኬሚስቶች ነበሩ፤ ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ዝም የሚሉ ልጆች ሁልጊዜ አሉ፤ የማን ልጆች እንደሆኑም እገምታለሁ።

በከሰል ባትሪ መሥራትም ይቻላል፤ ላቦራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ ሙከራ አላውቅም። ምግብ የሚጠቀለልበት ፎይል ይነጠፋል። በላዩ ጠንከር ባለ የጨው ውሃ የራሰ ሶፍት ይደረጋል። በሶፍቱ ላይ በደንብ የከሰለ፣ ሲመታ ቅል ቅል የሚል ከሰል ተወቅጦ፣ በጨው ውሃው ረጠብ ተደርጎ ይጠቀጠቃል፤ ፎይሉን እንዳይነካ መጠንቀቅ ነው። አንዱን ሽቦ ፎይሉ ላይ፣ ሌላውን ከሰሉ ውስጥ አስገብቶ ሜትር ላይ ሲያገናኙት ከግማሽ ቮልት በላይ፣ ሲሳካ ወደ አንድ ቮልት የሚጠጋ ይነበባል። እንዲህ የተሠሩ ሦስት አራት ባትሪዎችን ጭራና ራስ አድርጎ ማገናኘት አንዲት ትንሽ ቀይ አምፖል፣ ያቺን ኤልኢዲ የምትባለውን፣ ያበራል። ሰጪው የፎይሉ አሉሚኒየም ነው፤ ተቀባዩ ከሰሉ ሳይሆን በከሰሉ ቀዳዳዎች የገባው የአየር ኦክሲጅን ነው። ከሰሉ ማረፊያውና መተላለፊያው ብቻ ነው። ማግስቱን ፎይሉን ወደ ብርሃን ሲያነሱት በመርፌ የተወጋጋ ይመስላል። አንድ ተማሪዬ ያን የተበሳሳ ፎይል አይቶ "መምህር፣ ጣሪያችንኮ ይህን ይመስላል" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ለእሱ ስለ ሪዶክስ የማስረዳው ብዙ አልቀረኝም።

ድንጋይ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ዚንኩ ከሟሟ አለቀ። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 የሠራው ባትሪ ግን ይመለሳል። ዛሬም በየመኪናው፣ በየሶላሩ ሥር የምናገኘው ከባዱ ጥቁር ሣጥን እሱ ነው። በውስጡ ሁለት ዓይነት ዝርግ ብረት አለ፦ አንዱ እርሳስ፣ ሌላው ቡናማ የእርሳስ ኦክሳይድ፤ ሁለቱም ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ የተነከሩ። ባትሪው ሲሠራ እርሳሱ ይሰጣል፣ ኦክሳይዱ ይቀበላል፤ የሚገርመው ሁለቱም ከአሲዱ ሰልፌት እየወሰዱ በመጨረሻ አንድ ዓይነት ነገር፣ ነጭ የእርሳስ ሰልፌት፣ መሆናቸው ነው። ሁለቱ ዳርቻዎች ሲመሳሰሉ ሰጪና ተቀባይ አይኖርም፤ ባትሪው ወደቀ እንላለን። ቻርጀር ወይም ሶላር ኤሌክትሮኑን በግድ ወደ ኋላ ሲገፋው ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። አንዱ ክፍል 2 ቮልት ያህል ነው፤ ስድስቱ ተቀጣጥለው 12 ይሆናሉ።

እንጅባራ ውስጥ አንድ ባትሪ ቤት አልፎ አልፎ ቁጭ እላለሁ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ሥራውን የተማረው በእጁ ነው። አንድ ቀን ከገጠር የመጣ የሶላር ባትሪ ክዳኑን ከፍቶ እያየ፣ "ጋሼ፣ ይሄ አልይዝ ብሏል፤ አሲድ ልጨምርለት?" አለኝ።

"የቀደመው አሲድ የት ሄደና?" አልኩት።

ዝም አለ። "ጠጥቶት ይሆናላ።"

"ልክ ነህ፣ የጠጣው ብረቱ ነው። ሰልፌቱ ብረቱ ላይ ተለጥፎ ቁጭ ብሏል፤ ቻርጅ ስታደርገው ይመለሳል። የጎደለው ውሃው ነው።"

የአሲድ መለኪያውን አስገብቶ ሳበ፤ ተንሳፋፊዋ ታች ቀረች፣ 1.10 አካባቢ። ጤነኛ የተሞላ ባትሪ 1.28 ገደማ ይላል። እንዲህ ባዶ በሆነ ባትሪ ላይ አሲድ የጨመረ ሰው መለኪያውን ያታልላል እንጂ ባትሪውን አያድንም። ቻርጅ ሲደረግ የተለጠፈው አሲድ ሲመለስ ከሚገባው በላይ ይከርና ብረቱን ይበላዋል። ውሃው ግን በእርግጥ ይጎድላል፤ ከልክ በላይ ሲሞላ ኤሌክትሪኩ ውሃውን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ስለሚሰነጥቀው በአረፋ መልክ ይወጣል። ባትሪ ቤት ሲጋራ የማይጨሰው በዚህ ነው፤ ሁለቱ ጋዞች ተገናኝተው ክብሪት ካገኙ ክዳኑን ከነአሲዱ ፊት ላይ ይረጩታል።

ያ ባትሪ የሞተበት ምክንያት ግን አሲድም ውሃም አልነበረም። ባለቤቱን ጠየቅነው፤ ክረምቱን ሙሉ ደመናው ሶላሩን ሸፍኖት፣ ባትሪው እንደወደቀ ሁለት ወር ያህል ተቀምጧል። የእርሳስ ሰልፌት ትኩስ ሲሆን ይመለሳል፤ ሲቆይ ግን ክምችቱ እየጠነከረ፣ ትልልቅ ክሪስታል እየሆነ ይሄዳል፤ ያኔ ቻርጀርም አይፈታውም። በእኛ አገር ክረምት የሶላር ባትሪን የሚገድለው ሥራ ሳይሆን በባዶ ማደር ነው። ሰኔ ሲገባ ወደ ከተማ አምጥቶ በመብራት ማስሞላት፣ ወይም ማታ ማታ ቀይ ምልክት ከማየት በፊት ማጥፋት ዕድሜውን በዓመታት ያረዝመዋል።

"መብራት ከመጣ ባትሪ ምን ይሠራል?" የሚሉኝ አሉ። ከእንጅባራ በቻግኒ አድርጎ ወደ ጉባ በሚወስደው መንገድ የሚደረስበት ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። እዚያ ያለው ሥራ ግን ሪዶክስ አይደለም፤ ውሃ ተርባይን ያዞራል፣ ማግኔትና መዳብ ኤሌክትሮኑን ይገፋሉ። የሚመነጨው ኃይል በመስመሩ እያለ የሚበላ እንጂ በኪስ የሚያዝ አይደለም። ይዞ ለመሄድ ከተፈለገ ኬሚስትሪ ውስጥ መግባት ግድ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የግድቡ ውሃና የመኪናው ባትሪ ጋብቻቸው ተቃርቧል።

የኤሌክትሪክ መኪናውም፣ የስልካችሁም ባትሪ ሊቲየም ነው። ሊቲየም ለመስጠት ከብረቶች ሁሉ የቸኮለው ስለሆነ አንዱ ክፍል ብቻውን 3.7 ቮልት ገደማ ይሰጣል። በአንዱ ዳርቻ ግራፋይት፣ የካርቦን ወገን፣ በሌላው ብዙውን ጊዜ የሌላ ሜታል ኦክሳይድ አለ፤ የሊቲየም አዮን ሲሞላ ወዲህ፣ ሲሠራ ወዲያ እየተሻገረ ይኖራል። ይህን የሠሩት ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ ጉድኢናፍ ያኔ የ97 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ለሸበተ መምህር ይህ ጥሩ ዜና ነው። የእኛም አገር ጉጂ ውስጥ፣ ቀንጢቻ ላይ፣ ሊቲየም የያዘ ድንጋይ አላት።

ብዙ የምለው አለ፤ ቦታው ግን አልቋል። አንድ ጉዳይ ብቻ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ያለቀ ድንጋይ ለልጅ መጫወቻ ሲሰጥ፣ ምድጃ ውስጥ ሲጣል፣ ያረጀ የመኪና ባትሪ ግቢ ውስጥ ተሰብሮ እርሳሱ በብረት ምጣድ ሲቀልጥ አያለሁ። ድንጋይ እሳት ውስጥ ይፈነዳል። እርሳስ ደግሞ አይሸትም፣ አያቃጥልም፤ በጭሱና በአቧራው ገብቶ የልጅን አእምሮ ያዳክማል፤ የተጎዳውም አይመለስም። እርሳስ ማቅለጥ የሚገባው ጭሱን የሚያጣራ ፋብሪካ ነው። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና የየከተማው ማዘጋጃ ቤቶች ያለቀ ባትሪ የሚሰበሰብበት አንድ ቦታ በየገበያው ቢያበጁ ወጪው አንድ በርሜልና አንድ ጠባቂ ነው። እስከዚያው፣ አንባቢ ሆይ፣ ያለቀውን ድንጋይ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ በፕላስቲክ ዕቃ አጠራቅሙ፤ የወደቀውን ባትሪ ሳይውል ሳያድር አስሞሉ፤ ውሃው ሲጎድልም ዲስቲልድ ውሃ እንጂ አሲድ አትጨምሩ።